ሚኒባሷን ማን ነካት?

ቁጡ ነህ ይሉኛል። እውነት ነው፣ ቁጡ ነኝ። ያለ ምክንያት ግን አልቆጣም። ምክንያቱን አንዳንዴ ከተቆጣሁ በኋላ ነው የማገኘው እንጂ መኖሩስ አለ። ፈልጌ ያጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሚኒባሴ ስትታመም።

ባህረዲን እባላለሁ። መርካቶ ውስጥ ገመድ፣ ሲባጎና ባዶ ማዳበሪያ እሸጣለሁ። ወደ ክፍለ ሀገር የሚጫነው ዕቃ ግማሹ በእኔ ገመድ ታስሮ ነው የሚወጣው። ሌላው ነጋዴ ገመዱን ሸጦ ዞር ይላል፤ እኔ ግን የደንበኛዬን ጭነት በገዛ እጄ አስሬ፣ በእግሬ ረግጬ፣ ሲባጎውን በጥርሴ ስቤ ነው የምሸኘው። መንገድ ላይ የተፈታ የባህረዲን እስር አይቻለሁ የሚል ካለ ይምጣና ፊቴ ይናገር። የተንጠለጠለ ወይም የላላ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ሚስቴ ሐጀራ፣ "እሱ አጠገብ ብዙ የተቀመጠ ሰው ይታሰራል" እያለች ታሾፍብኛለች።

እሷ ትሹፍ። ያን ጊዜ ለእሷ ሁሉን ነገር የምፈቅድበት ወቅት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ መስከረም ላይ ሴት ልጅ ወልዳልኝ፣ ሀፍሷ ብለናት፣ እኔ በሃምሳ ዓመቴ መሬት አልረግጥም ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጎደለን። የሐጀራ እናት፣ አማቴ፣ ከወራቤ ወዲያ ባለው መንደራቸው ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ሐኪም አይቷቸው የሚመለስ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። በሰው የላኩብን መልእክት አጭር ነው፤ "ትንሽ ብርሃን ቀርቶኛል። እሱ ሳያልቅ ልጅቷን አምጡልኝ።" ሐጀራ ይህን ስትሰማ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች። እኔም ወደ ሌላው ግድግዳ ዞርኩ።

ለአረፋ እንወስዳታለን ተባለ። በእኛ አገር ከአረፋው በፊት ያለው ቀን የሴቶች አረፋ ነው። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ከእንሰት የሚሠራው አተካና በቅቤ ርሶ ይቀርባል፣ በዓመቱ የተወለደ ልጅ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አማቴ ሀፍሷን የሚያሳዩት ያን ቀን ነው፤ ቀደም ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ነግረዋል። በዚያ ዓመት ደግሞ የሴቶች አረፋ ከጥምቀት ጋር በአንድ ቀን ዋለ። ስለዚህ የጥምቀት ዕለት ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ መውጣት ነበረብን። በአረፋ ሰሞን አውቶቡስ እንዳይታሰብ፤ መርካቶ በሙሉ ወደየአገሩ ይገባል። ያለችን ሚኒባሷ ናት።

ሚኒባሷ ደግሞ ታመመች።

አሮጌ ናት፣ አልዋሽም። በቤንዚን ነው የምትሄደው፤ ሞተሯ ከፊት ወንበር ስር ነው ያለው፣ ለማየት ወንበሩን ማንሳት ያስፈልጋል። ግን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ድረስ ጤነኛ ነበረች። ከዚያ ድንገት ቆማ ስትሠራ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ትራፊክ ሲያቆመኝ መስታወቱ ይንቀጫቀጫል፣ በሩ ይንኳኳል፣ የእኔም ጉንጭ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስሰጣት ታስነጥሳለች። ወደ ጎጃም በረንዳ ሽቅብ ስወጣ ጋሪ የሚገፋ ሰው ቀደመኝና ዞር ብሎ፣ "ጋሼ፣ ልጎትትዎት?" አለኝ። ምን እንደመለስኩለት እዚህ አይጻፍም።

ጥፋተኛውን ለማግኘት አልደከምኩም። ቅዳሜ የሐጀራ ታናሽ ወንድም ዛኪር ተውሶ ወስዷታል። ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ዕቃ ሊያመላልስባት ነው የወሰዳት። ማታ መለሳት። እሁድ ማንም አልነካትም፤ እኔው ራሴ ወንበሩን አንስቼ ውሃዋን ሞልቼ፣ ውስጧን አይቼ አስተካክዬ ዘጋኋት። ሰኞ ታመመች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሱቁ ድረስ ሄጄ በደንበኞቹ ፊት፣ "የተበላሸ ቤንዚን አጠጥተህ ገደልክብኝ፣ ሰው ንብረት አምኖ አይሰጥህም!" አልኩት። ፊቱ ቀላ። "እንግዲያው በአንተ መኪና አልሄድም" አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ለእናቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሐጀራ ሦስት ቀን ሙሉ በአጭር በአጭሩ ብቻ አናገረችኝ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መርካቶ ውስጥ መካኒክ ያልሆነ ሰው እንደሌለ ተረዳሁ። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ቤንዚኑ ውሃ አለበት አለች። ወዛደሩ ካርቡራተር ነው አለ። ማዳበሪያ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ሞተሩን ሳያይ፣ ድምፁንም ሳይሰማ፣ ከመልኬ ብቻ ካንዴላ ነው ብሎ ፈረደ። የሁሉንም አደረግኩ። ቤንዚኑን አስቀዳሁ፣ ካርቡራተሩን አሳጠብኩ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ካንዴላዎች በአዲስ ቀየርኩ። መንቀጥቀጡ እንዳለ ነው።

የከተራ ዕለት ጠዋት፣ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ከጎማ ተራ ጀርባ ወዳለው ወደ ጋሽ ዘውገ ግቢ ነዳኋት። ጋሽ ዘውገ ስልሳ ያለፋቸው መካኒክ ናቸው። ነጭ ልብሳቸውና ነጠላቸው በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሰዓት ታቦት ሊሸኙ ነው።

"እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለሁት" አሉኝ ገና ከመውረዴ። "ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣ አልነካም።"

"ጋሽ ዘውገ፣ እንዴት እንደሆነች ልንገርዎ። ቅዳሜ የሚስቴ ወንድም…"

"አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር።"

ወንበሩን አንስተው ሞተሩን አስነሱ። ረጅም ካቻቢቴ ወሰዱ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱና ቁራጭ ጋዜጣ በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዙ። ወረቀቱ ፑፍ፣ ፑፍ፣ ፑፍ ይልና አንዱን ይዘላል።

"ወደ ውስጥ ቢስበው ኖሮ ቫልቩ ተቃጥሏል እልህ ነበር" አሉ። "እሷ ግን ትገፋለች፣ አትስብም። ደህና ናት፣ ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ተራውን እየዘለለ ነው እንጂ። በሦስት ነው የምትሄደው።"

"ከአራቱ የትኛው ነው?"

"እሱን ነው የምንይዘው።"

እጀታው በጎማ የተጠቀለለ ፒንሳ አነሱ። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመዶች አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። የሚሠራውን ሲነቅሉበት ሞተሩ ይብስበታል፤ የሰነፈውን ሲነቅሉበት ምንም አይመስለውም። የመጀመሪያውን ነቀሉ፣ ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። አራተኛውም እንደዚያው። ሁለተኛውን ሲነቅሉ ምንም። ሦስተኛውን ሲነቅሉ አንዴ ይከፋዋል፣ አንዴ ግድ የለውም።

ጋሽ ዘውገ ቅንድባቸውን ቋጠሩ። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ካንዴላ አቀያየሩ። ስንፍናው አብሮ አልሄደም፣ እዚያው ሁለተኛው ላይ ቀረ። "ካንዴላ አይደለም" አሉ። እሳት የሚያከፋፍለውን ክዳን ፈትተው በጨርቅ ጠረጉት፣ ወደ ፀሐይ ይዘው አገላበጡት፤ ስንጥቅ የለውም። መልሰው ገጠሙት። ሰዓታቸውን አዩ። እኔም የእሳቸውን ሰዓት አየሁ። አራት ተኩል ነው።

"ይህችን መኪና ማን ነካት?" አሉኝ።

"ዛኪር! ቅዳሜ…"

"ከዛኪር በኋላስ?"

"ወላሂ ማንም አልነካትም።"

አፌን ሞልቼ ነው የማልኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ያ መሐላ የሐሰት አይመስለኝም፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ።

ይህን ጊዜ ሐጀራ ሀፍሷን አዝላ፣ በአንድ እጇ ፌስታል ይዛ ደረሰች። ከሸማ ተራ መምጣቷ ነው፤ ለእናቷ ጋቢ ገዝታለች። አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። ፊቴን አይታ ጋሽ ዘውገን ጠየቀች።

"ለነገ ትደርሳለች?"

"የቀረኝ ገመዶቹ ናቸው" አሏት። "እሳት እያፈሰሱ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። አብዛኛው መንገዳቸው ደግሞ ከአየር ማጣሪያው ስር ነው፣ አይታይም። የሚያፈስ እሳት በፀሐይ አይታይም፤ ጨለማ ይፈልጋል። ጨለማ እስኪመጣ ልጠብቅ ብል እኔ ጃንሜዳ ነኝ።"

እኔ ወዲያው ከሱቄ ማዳበሪያ አስመጣሁ፤ አስር አስሩን ደራርቤ ሞተሩ ላይ ከመርኩ። በሽመናው ቀዳዳ ፀሐይዋ እንደ ወንፊት ትገባለች። ጋሽ ዘውገ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸውን ነጠላ አየሁ። እሳቸውም ሳየው አዩኝና፣ "እሱን እንዳታስበው" አሉ።

ሐጀራ ፌስታሉን ከፈተች። ጋቢው ወፍራም፣ እንደ ወተት የነጣ፣ ጥበቡ ገና ያልተነካ ነው። እጇ ላይ ትንሽ አቆየችው።

"ሐጀራ፣ ግሪስ ይነካዋል" አልኳት።

"እናቴ ልጅቷን ሳታይ ቀርታ ጋቢ ለብሳ ምን ታደርጋለች?" አለችና ዘረጋችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪና፣ መኪና ስል ከርሜ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ስለ መኪና አስባ አታውቅም።

ጋሽ ዘውገ የአየር ማጣሪያውን ፈቱ፣ የጋቢውን ጫፎች ከማራገቢያው አርቀው ሸጎጡ። ሞተሩን አስነሱና ሐጀራን፣ "የአንቺ ዓይን ወጣት ነው፣ ግቢ" አሏት። ሀፍሷን ለእኔ አስታቀፈችኝና ሁለቱም ከወገባቸው በላይ ጋቢው ስር ገቡ። እዚያው ግቢ ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ከበቡን። አንዱ፣ "ምን እየፈለጉ ነው?" አለኝ። "ኮከብ" አልኩት፤ መቆጣት ጀምሬ ነበር።

ከጋቢው ስር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

"አየሽ?"

"ኧረ! ሰማያዊ! ከዚህኛው ወደዚያኛው ይዘላል!"

"ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ለምን እንዲህ ተጣበቁ? አንድ ላይ የያዛቸው ነገር አለ። በጣትሽ ሳትነኪ ወደዚህ ጎንበስ በይና እዪልኝ፤ ምንድነው?"

ከዚያ ጋቢው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሞተሩ መስሎኝ ነበር፤ ሐጀራ ናት። እየሳቀች ነው።

"ሲባጎ ነው፣ ጋሽ ዘውገ። አምስት ቦታ ታስሯል። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ፤ ሁለቴ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጦ። በመላው መርካቶ እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ነው ያለው።"

ከጋቢው ስር የሁለቱም ራስ ወጣ። ሁለቱም እኔን አዩ። ጎማ ጠጋኞቹም እኔን አዩ። ሀፍሷ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ።

እሁድ ውሃ ስሞላ አራቱ የካንዴላ ገመዶች አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተንጠልጥለው አየኋቸው። ረጅም መንገድ ልንሄድ ነው። እንዲህ የላላ ነገር እያየሁ እንዴት እዘጋዋለሁ? ከኪሴ ሲባጎ አውጥቼ፣ አንድ ላይ ሰብስቤ፣ አጥብቄ አሰርኳቸው። እንዳማሩም ትዝ ይለኛል።

"አልነካትም ብለህ ማልክ እኮ!" አሉ ጋሽ ዘውገ።

"አልነካኋትም" አልኩ። "አሰርኳት እንጂ።"

ጎማ ጠጋኞቹ የሳቁትን ሳቅ ጎማ ተራ እስከ ዛሬ የረሳው አይመስለኝም። ጋሽ ዘውገ ብቻ አልሳቁም፤ እጄን ይዘው ጋቢው ስር አስገቡኝ። እውነታቸውን ነው። በጨለማው ውስጥ ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው ቀጫጭን ሰማያዊ እሳት ትር ትር ይላል። "ገመዶቹ አርጅተው ሽፋናቸው ተሰነጣጥቋል" አሉኝ ጆሮዬ ስር። "ተራርቀው ሲሄዱ ግን ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። አንተ አጣብቀህ ስታስራቸው የአንዱ እሳት ወደ ጎረቤቱ ይዘላል። ተራው የደረሰው ያጣል፣ ተራው ያልደረሰው ይቀማል። እስርህ ግን ጥሩ እስር ነው።" ይህችን የመጨረሻዋን ያሉት እንዳላለቅስ ይመስለኛል።

ሲባጎውን ልፈታው ሞከርኩ። አልተፈታም። የእኔ ቋጠሮ መቼ ይፈታል? በቢላ ቆረጡት። ገመዶቹን አራራቁ፣ የተሰነጠቁትን ቦታዎች በጎማ ላስቲክ ጠቀለሉ፣ እንዳይነካኩም በየመሃላቸው ቁራጭ እንጨት ሰደሩ። "ደርሰህ ትመለሳለህ። ስትመለስ አራቱንም በአዲስ ትቀይራለህ" አሉ። አስነሷት። ከጎማ ጠጋኞቹ አንዱ የሻይ ብርጭቆውን ሞተሩ ላይ አስቀመጠ። ሻዩ ዝም አለ። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ ቆሞ የመሥራቱ ነገር፣ ያን ዕለት ገባኝ። አራቱም በየተራቸው፣ ማንም ማንንም ሳይቀማ።

ጋቢው ጥግ ላይ የጣት አሻራ የሚያክል ጥቁር ቀረ። ሐጀራ አጣጥፋ ወደ ፌስታሉ መለሰችው።

"በል አሁን ወደ ዱባይ ተራ" አለችኝ።

"ሐጀራ፣ ሰዓቱ…"

"ዛኪርን ጥዬ እናቴ ፊት አልቆምም።"

ሄድኩ። ዛኪር ሱቁ በር ላይ ጫማ እየሰቀለ ነው፤ የበዓል ገበያተኛ እግር መጣያ አላስቀረም። ጠጋ ብዬ በቀስታ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት።

"ምን አልክ? ጩኸት ስለሆነ አልሰማሁህም።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።"

"ስትሰድበኝ ድምፅህ እንዲህ አልነበረም።"

እውነቱን ነው። ደረቴን ነፋሁና ጮህኩ፦ "ጥፋቱ የእኔ የባህረዲን ነው! መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ! ዛኪር ንጹሕ ነው!" ፎቅ ላይ ያሉት ሱቆች ሳይቀሩ ወጥተው አዩኝ። አንዷ ገበያተኛ እልል አለች፤ ሠርግ ሳይመስላት አልቀረም። ዛኪር ሳቁን ለመያዝ ሲታገል የያዘውን ጫማ ጣለ። ከዚያ ትከሻዬን ሳመኝ፣ እኔም ትከሻውን ሳምኩት።

"ግን ምን አድርገህ ነው ያበላሸሃት?" አለኝ።

"መንገድ ላይ እህትህ ትነግርሃለች" አልኩት። ነገረችው። ሦስት ጊዜ።

የጥምቀት ዕለት ገና ሳይነጋ ወጣን። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ወደ ጃንሜዳ ይተምማል፣ እኛ ወደ ዓለም ገና። ሕዝቡ እስኪያልፍ ቆመን በጠበቅንበት ሁሉ ጆሮዬን ወደ ወንበሩ ስር እጥላለሁ። መስታወቱ ዝም፣ በሩ ዝም። ሀፍሷ በእናቷ ጭን ላይ እንደተኛች ቡታጅራን አለፈች። እኔ መሪውን ይዤ፣ ዝም ብላ የምትሠራ መኪና እንዲህ ታስደስታለች ብዬ ለማን ልንገር እያልኩ በደስታ ልቤ ሊፈነዳ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። ግቢው በሴቶች ሞልቷል፣ የቅቤው ሽታ ገና ከአጥሩ ይቀበላል። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኛን አላዩንም፤ ወደ ሞተሩ ድምፅ ነው ፊታቸውን ያዞሩት። ሐጀራ ሮጣ እጃቸውን ሳመችና ልጅቷን አስታቀፈቻቸው።

አማቴ ወደ ፀሐዩ ዞሩ፣ ሀፍሷን አፍንጫ ለአፍንጫ እስኪነካኩ ድረስ አቀረቧት። በቀኝ ዓይናቸው ጥግ ነበር የሚያዩት። ፊቷን ከግንባሯ ጀምረው ቀስ እያሉ፣ እየዞሩ፣ እየተመለሱ አዩት።

"ቅንድቧ የሐጀራ ነው" አሉ በመጨረሻ። "አፍንጫዋ የእኔ።" ዝቅ ብለው አዩ። "አፏን ግን የማን እንደሆነ አላወቅሁትም።"

"የእኔ ነው" አልኩ።

"አይ ልጄ፣ ምስኪን" አሉ ለሀፍሷ፤ ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ዛኪር ትከሻዬን እየመታ። ሐጀራ ግን እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

አተካናው ቀረበ። ሴቶቹ አማቴን አንዴ ጠሩ፣ ሁለቴ ጠሩ፤ አልሰሙም። ሐጀራ ሄዳ ትከሻቸውን ነካች።

"እማ፣ ይቀዘቅዛል። ነይ ብዪ፣ ልጅቷን እኔ ልያዝልሽ።"

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሀፍሷንም ይበልጥ ወደ ፀሐዩ አዞሯት።

"መብላት በጨለማም ይበላል" አሏት።